ያችን ቁራጭ ጋዜጣ ኪሱ ይዞ ለሚዞረው ሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። በትንሽ ቀዳዳ ስለሚሠራ የልብ ባይፓስ (የተዘጋውን የልብ ደም ሥር አልፎ ለደም ሌላ መንገድ የሚያበጅ ቀዶ ሕክምና) ያወጣችሁትን ጽሑፍ የአባቴ ጓደኛ ቆርጦ ኪሱ ይዞ ይዞራል። እሱም ባይፓስ ያስፈልግሃል ተብሏል። ሻይ ቤት በተቀመጥን ቁጥር ያወጣትና "ይኸው፣ ደረት ሳይከፈት! እኔ ይቺን ነው የምጠብቀው" ይላል። ስሰማው ሆዴ ይረበሻል። አባዬም እንዲሁ ሲል ነው ሰባት ወር ያለፈው።

አባዬ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከመቂ ሽንኩርት ሲያመጣ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ "ጨጓራ ነው" ይላል፤ እኛም አምነን ተልባ ስናጠጣው ከረምን። ኋላ የልብ ደም ሥሩ ውስጥ ቀለም ተሰጥቶት በራጅ ሲታይ ሦስቱም ዋና ዋና የልብ ደም ሥሮች ጠበዋል። የደረት አጥንት በመጋዝ እንደሚከፈት ሲነገረው እንቢ አለ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ የዳነ ሰው አውቃለሁ አለ፤ አለቀ። የመጀመሪያው ሐኪም ያ ለምን ለአባዬ እንደማይሆን አላስረዳንም፣ ወረቀት ጽፎ ሸኘን። አንድ ሌሊት ላብ አጥምቆት መተንፈስ እስኪያቅተው ድረስ ጠበቅን።

አይሱዙው ተሸጦ ሕንድ ስንሄድ ነው ቀዶ ሐኪሙ እስክሪብቶ አንስቶ ልብ እየሳለ ያስረዳን። በትንሹ መንገድ ከግራ ጡት በታች፣ በጎድን አጥንቶች መሃል ጥቂት ሳንቲሜትር ይቀደዳል። ከደረት ግድግዳ ውስጥ አንድ ደም ሥር ተላቆ፣ ከልብ ፊት ለፊት ባለው ደም ሥር ላይ ከተዘጋው ቦታ አልፎ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ልብ እየመታ ነው የሚሠራው። አጥንት ስለማይሰነጠቅ ሰውዬው ቶሎ ይነሳል። ግን በብዛት የሚሆነው ችግሩ እዚያ ፊት ለፊት ላለበት ሰው ነው። ከጎንና ከኋላም ሲዘጋ በዚያች ቀዳዳ ሁሉንም መድረስ ይከብዳል፤ በዚያ መንገድ ብዙ የሚሰፉ ወይም ቀሪውን በስቴንት (የጠበበውን ደም ሥር ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የሚያግዙ ሐኪሞች አሉ፣ ግን በየሆስፒታሉ አይገኙም። ስቴንት ራሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ በእጅ ወይም በጭን በኩል በቀጭን ቱቦ የሚገባ፤ እኛ ሰፈር ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ።

"አዲስ ግኝት" ያላችሁትም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሌኒንግራድ (የዛሬዋ የሩሲያ ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ ቫሲሊ ኮሌሶቭ የተባለ ሐኪም በግራ ጎድን በኩል ገብቶ፣ ልብ እየመታ፣ ያንኑ የደረት ግድግዳ ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ጋር ሰፍቷል። አዲሱ ነገር ዛሬ አንዳንድ ሐኪሞች የሚታገዙበት ካሜራና ሮቦት ነው።

አባዬ ደረቱ ተከፍቶ ነው የተሠራው። ከእግሩም ደም ሥር ወስደውለታል፣ ጠባሳው ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሳል ሲመጣበት ትራስ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያቅፍ ነበር፤ አጥንቱ በሽቦ ታስሮ እስኪጋጠም ሦስት ወር ጀሪካን እንኳን አላነሳም። ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን ጠዋት ጠዋት በእግሩ ወክ ያደርጋል።

እባካችሁ፣ ትንሿ ቀዳዳ ለማን እንደማትሆንም ጻፉ። ሰው ሐኪሙን "ስንት ደም ሥር ነው የተዘጋብኝ? የትኛው?" ብሎ እንዲጠይቅ ንገሩት። የአባዬ ጓደኛ ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ቢቻላችሁ ከዚያ በፊት አውጡልን፣ ቆርጬ እኔው እወስድለታለሁ።

ከአዳማ አንባቢያችሁ