ዘይቱን በቀለሙ አትምረጥ

አቡዬ፣

ትናንት ማታ ስልኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሳልነግርህ ቀረሁ። አያትህ አሁን እንቅልፍ ወስዷታል። እኔም ጎኗ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ባሕር ዳር ሌሊቱም ሞቃት ነው፤ እኔን እንደሆነ እንቅልፍ አልመጣልኝም።

ስለ ቶዮታ ቪትዛችን "ከፒ ወደ ዲ፣ ከመቆሚያው ወደ መንጃው፣ ሳስገባት ትዘገያለች፣ ከዚያ ነጠር ትላለች" አልከኝ። ጋራዥ ያለው ልጅ የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት ቀይር ማለቱንም ነገርከኝ። እዚህ ድረስ ደህና ነው። ልቤን ድንግጥ ያደረገው የመጨረሻው ነው። "የትኛው ዘይት?" ብለህ ስትጠይቀው "ቀዩን ነዋ፣ ሁሉም አንድ ነው" አለህ። ይህን ቃል እኔም አንድ ጊዜ ሰምቼ አምኛለሁ። የስድስት ወር ደሞዜን አስከፍሎኛል።

2008 ዓ.ም. ነበር፤ አንተ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርክ። የሞተር ዘይት ላስቀይር አንድ ቦታ ገባሁ። ልጁ "እናቴ፣ የካምቢዮውም ጠቁሯል" ብሎ መለኪያውን በጨርቅ ጠርጎ አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ጠቁሯል። ከመደርደሪያው ቀይ ዘይት አወረደ። ዋጋው ሌላ ቦታ ከጠየቅኩት በሦስት መቶ ብር ይቀንስ ነበር። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ምን እንዳስገባብኝ አልጠየቅኩም፤ ምን መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ በዝግታ ስነዳ ከታች የሚርገበገብ ነገር መጣ። አንድ እሑድ ጠዋት ወደ እንጦጦ ማርያም እየወጣን፣ ሽሮ ሜዳን እንዳለፍን፣ ሞተሩ ጮኸ። የዙር መርፌው 4 ሺህ ላይ ወጥቶ መኪናዋ ግን እንደ ሰው እርምጃ ትንቀሳቀሳለች። አንተ ከኋላ "እማዬ፣ ለምን አትሄድም?" አልከኝ። ዳር ይዤ አቆምኩና በእግራችን ወጣን። ነጠላዬን ይዘህልኝ ነበር፣ ያንን አልረሳውም።

ካምቢዮው ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ከታች ያለው ማግኔት በብር መልክ ጭቃ ተሸፍኗል። ጭቃው የብረት ብናኝ ነው። መካኒኩ አንዱን ፑሊ፣ ቀበቶ የሚዞርበትን መንኮራኩር፣ አንስቶ "ጥፍርሽን አሳልፊበት" አለኝ። አሳለፍኩ። መስታወት መምሰል ያለበት ፊት ላይ ጥፍሬ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ያዘ። ቀጥሎ የሆነውን ታውቃለህ፤ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ ገዝተን አስገጠምን።

እንግዲህ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ካወቅክ ማንም አያታልልህም።

ተራው አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሾች አሉ፣ እነሱን የሚይዙና የሚለቁ ደግሞ የተደራረቡ የፍሪሲዮን ሳህኖች አሉ። የእኛ ቪትዝ እንዲህ አይደለችም። የእሷ ሲቪቲ ነው። ውስጡ ሁለት ፑሊ አለ፤ በሁለቱ ላይ የብረት ቀበቶ ይዞራል። ፑሊዎቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ነው ፍጥነቱ የሚለዋወጠው። ቀበቶው ብረት ነው፣ ፑሊውም ብረት ነው። ብረት ብረትን ሳይከዳው እንዲይዝ የሚያደርገው ዘይቱ ነው። ዘይት ሲባል የሚያንሸራትት ነገር ብቻ ይመስለናል። እዚህ ግን እንዳይፋጅ እያለሰለሰ፣ እንዳይንሸራተት ደግሞ ያስይዛል። በዚያ ላይ ግፊት ያስተላልፋል፣ ሙቀቱንም ይዞ ያስወግዳል። ለሳህን የተሠራው ዘይት ለቀበቶው ይህን መያዝ አይሰጠውም። ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይፍቃል። ያ የብር ጭቃ ከዚያ ነው የመጣው።

ቀለሙ ማቅለሚያ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የሚፈሰው ከየት እንደሆነ እንዲለይ፣ ከሞተር ዘይት ጋር እንዳይምታታ ብለው ነው ቀለም የሚጨምሩበት። ሁለት የማይገናኙ ዘይቶች አንድ ዓይነት ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቪትዝ የሚለው ስምም አይበቃም። ጎረቤታችን ያላት ቪትዝ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ናት። የሷን ዘይት ለእኛ አታስገባም፣ የእኛንም ለሷ። ለዚህ ነው "የቪትዝ ዘይት ስጠኝ" ብለህ ሱቅ እንድትገባ የማልፈልገው።

ቶዮታ ብቻውን ስንት ዓይነት እንዳለው ተመልከት። በሮማ ቁጥር አራት የሚጻፍበት ቲ-ፎር አለ፣ ለቆዩት አውቶማቲኮች ነው። ደብሊው ኤስ አለ፣ ከሱ በኋላ የመጣ፣ ቀጠን ያለ። እነዚህን ሁለቱን እንኳ ቶዮታ ራሱ አትቀላቅሉ ይላል። ለሲቪቲ ደግሞ ቲሲ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ኤፍኢ መጣ። የኒሳን ሲቪቲ ኤንኤስ-2 ወይም ኤንኤስ-3 ይላል። አንድ ቀን ሌላ መኪና ብትይዝ የዚህን መኪና ልማድ ይዘህ እንዳትሄድ ነው ይህን የምጽፍልህ።

መደርደሪያ ላይ በብዛት የምታየው "ዴክስሮን 3" የሚለው ነው። ዴክስሮን የጄኔራል ሞተርስ ስም ነው። ኩባንያው በ2005 እ.ኤ.አ. ዴክስሮን 6ን አወጣ፤ ለ3 ይሰጥ የነበረውን ፈቃድም በ2006 መጨረሻ አቆመ። ስለዚህ ዛሬ ጋሎን ላይ "ዴክስሮን 3" ተብሎ ሲጻፍ ጄኔራል ሞተርስ መርምሮ ያጸደቀው ነው ማለት አይደለም። ጥሩ አምራች ጥሩ አድርጎ ሊሠራው ይችላል። ለሳህን የተሠራ ስለሆነ ግን ለእኛ ካምቢዮ ጥሩውም አይሆንም።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ዘይት ከመግዛትህ በፊት ያለውን እየው። የምትዘገየው ስለጎደለ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተሃት ትሙቅ። ሜዳ ላይ አቁማት፣ ሞተሩን አታጥፋ። ፍሬን ረግጠህ ከፒ ጀምረህ ሬትሮማርሹንም ዲውንም እያንዳንዱን ቆም እያልክ አስገባና ወደ ፒ መልሳት። ከዚያ ኮፈኑን ክፈትና የካምቢዮውን ዲፕስቲክ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ፣ አውጣ። የሞተሩን እንዳታወጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ክር በማይተው ጨርቅ ጥረገው፣ መልሰህ እስከ መጨረሻው ክተተው፣ አውጥተህ አንብብ። ለሙቅ ከተሰመሩት ሁለት ምልክቶች መሃል መሆን አለበት። ቢያንስም ቢበዛም ጥሩ አይደለም። ሲበዛ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም።

ያን ጊዜ ዲፕስቲኩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አንብብ። "ሲቪቲ ፍሉይድ ቲሲ" ይላል። ኮፈኑ ሥር ያለው የፋብሪካው መለያ ሰሌዳም የካምቢዮ ኮድ አለው፣ ሌላ ጊዜ እሱን እመን እልህ ነበር። የእኛ ግን ካምቢዮዋ ተቀይሯል። ሰሌዳው የሚናገረው ከፋብሪካ ስትወጣ ስለነበረው ነው። እኛ ያስገጠምነው ከነዲፕስቲኩ የመጣ ነው። እሱን ነው የምታምነው።

ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ ጣል አድርገው። ቡናማ ቢሆን እርጅና ነው፣ ይቀየራል። አፍንጫህ ጋ አስጠጋው። የተቃጠለ ቢሸትህ ወይም የሚያብረቀርቅ ብናኝ ብታይ ዘይት አትግዛ። ወዲያው ደውልልኝ፤ እሱን አዲስ ዘይት አያድነውም፣ ተፈትቶ መታየት አለበት።

ልትገዛ ስትሄድ የጋሎኑን ፊት ሳይሆን ጀርባውን አንብብ። "ለሁሉም መኪና" የሚሉ አሉ። ከነሱም የሚረቡ አሉ፤ ግን ጀርባው ላይ "ሲቪቲ ቲሲ" የሚል በስሙ ተጽፎ ካላየህ መልሰህ አስቀምጠው። ሻጩ "እኔ እያወቅኩ" ቢልህም። ክዳኑ ያልተነካ ይሁን። ደረሰኝ ተቀበል። ባዶውን ጋሎን ስትጥል በቢላ ቅደደው፣ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ።

ሲቀየር አጠገቡ ቁም። እኔ ያን ቀን ካፌ ሄጄ ማኪያቶ ስጠጣ ነበር። የወጣውን በሊትር ይለካልህ፣ የሚገባውም ያው ልክ ይሁን። ሁሉም አይወጣም፣ ከፊሉ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከሁለትና ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ትደግመዋለህ። በማሽን ግፊት እናጥበው ቢሉህ እምቢ በል። "መጨመሪያ መድኃኒት" ካሉህም እምቢ በል።

አጎትህ ዛሬ ምሳ ላይ ስለፒካፑ ሲያወራ ነበር። የሱ ማኑዋል ነው፣ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ለዲፈረንሻል፣ ለጎማ ማዞሪያው፣ የሚገባውን ጂኤል-5 የሚባል ዘይት ካምቢዮው ውስጥም አስገብቶ ማርሽ አልገባ ብሎት ከርሟል። እነዚያ ማርሽ የሚያገናኙት የነሐስ ቀለበቶች ከማርሹ ጋር ተፋትገው መያዝ ይፈልጋሉ፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጂኤል-4 ነው የሚለው። አሁን ቀይሮታል።

የራይድ ታክሲ ሥራ በጀመርክ ጊዜ አንድ ነገር አልነገርኩህም። መገናኛና ቦሌ ላይ ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ ስትል ካምቢዮው ይግላል፣ ሙቀት ደግሞ ዘይትን ያስረጃል። "ለዕድሜ ልክ ነው" የሚሉትን አትስማ። እኔ በ40 ሺህ ኪሎ ሜትር ነበር የማስቀይረው፤ አንተ እንደምትሠራው ከሆነ 30 ሺህ ላይ አድርገው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ ይቺ ብትበላሽብን የምንተካት በቀላሉ አይደለም። የትምህርት ክፍያህም ከሷ ነው።

ለጋራዡ ልጅ ክፉ አትናገረው። በትህትና "ዘይቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ" በለው፣ አይቀየምህም።

ነገ ጠዋት ተሳፋሪ ከመጫንህ በፊት ዲፕስቲኩን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ሶፍቱንም ጨምርበት። ጋሎኑን ስታገኝም ሳትከፍተው ጀርባውን ላክልኝ። መነጽሬን ይዤ እጠብቃለሁ።

አያትህ በእንቅልፏ መሃል ስምህን ጠራች።

እናትህ