ማን አጓተተው ከማለት በፊት ረቂቁ የት እንደቀረ እንይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ላይ በእኛ ጋዜጦችም ሆነ በየቡና ቤቱ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ እንካ ሰላንቲያ ሆኖ ይቀራል። አንዱ «ሕጉን ያፈኑት ሪፐብሊካኖች ናቸው» ሲል ሌላው «ዴሞክራቶችስ ሥልጣን በእጃቸው ሳለ ምን ሠሩ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ አያጡም። ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ ግን አለ፦ ረቂቁ የቀረው የትኛው ደረጃ ላይ ነው? እዚያ ደረጃ ላይ ቁልፉን የያዘው ማን ነበር? ይህ ሳይለይ የሚሰነዘር ወቀሳ፣ የወረቀቱን ማብቂያ ቀን እየቆጠረ ለሚኖር ወገናችን አንዳች አይጠቅመውም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከዋሽንግተን ከመጀመር ቦርሳችን ውስጥ ካለው የሥራ ፈቃድ ካርድ ብንጀምር ይሻላል። ካርዱ ፊት ላይ «ካቴጎሪ» ከሚለው ቃል ሥር አንድ ፊደልና ሁለት ቁጥር አለ። ኤ05 ከሆነ ባለቤቱ ጥገኝነት ተፈቅዶለታል ማለት ነው፤ መብቱ ኮንግረስ በ1980 ባወጣው የስደተኞች ሕግ ላይ የቆመ ነው፣ ዓመት ሲሞላውም ግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል። ሲ08 የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ነው። ኤ12 ቲፒኤስ (አገራቸው ጦርነት ወይም አደጋ ለደረሰባቸው የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) ሲሆን ሲ33 ዳካ (በልጅነታቸው ለመጡ ወረቀት አልባ ወጣቶች የሚሰጥ እፎይታ) ነው። ካርዶቹ በመልክም በመጠንም አንድ ናቸው፤ አሠሪም ሲቀጥር አንዱን ከሌላው አያበላልጥም። የቆሙበት መሠረት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ አንዱን ለማፍረስ ሕግ መሻር ያስፈልጋል፣ ሌላውን ለማፍረስ የአንድ ባለሥልጣን ፊርማ ይበቃል።

የራሳችንን ቲፒኤስ እንውሰድ። ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ፣ ጦርነት ወይም የተፈጥሮ አደጋ ለደረሰበት አገር ዜጎች በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ከለላ የመስጠትን ሥልጣን ለአስፈጻሚው አካል ሰጠ። ለኢትዮጵያ መጀመሪያ የተሰጠው በዲሴምበር 2022 ለ18 ወር ነበር። በ2024 ታድሶ እስከ ዲሴምበር 12, 2025 ተራዘመ። በ2025 መጨረሻ የፕሬዚዳንት ትራምፕ አስተዳደር እንዲቋረጥ ወሰነ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። መስጠቱም፣ ማደሱም፣ ማቋረጡም አንድም የኮንግረስ ድምፅ አላስፈለጋቸውም። ቲፒኤስ በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አያሻግርም። ሰው ብዙም የማያውቀው አንቀጽ ደግሞ እዚያው ሕግ ውስጥ አለ፦ ለቲፒኤስ ባለቤቶች ቋሚ መኖሪያ የሚሰጥ ረቂቅ ሴኔት ሲደርስ፣ እሱን ለመመልከት እንኳ የአባላቱ ሦስት አምስተኛ መስማማት አለበት። በሩ ሲሠራ ጀምሮ ተቆልፎ ነው የተሠራው።

እዚህ ላይ የፕሬዚዳንት ብዕር ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል መለየት ግድ ነው። ፕሬዚዳንት በየዓመቱ የሚገቡ ስደተኞችን ጣሪያ ይወስናል፤ በ1952 ከወጣው ሕግ አንቀጽ 212 ኤፍን መዝዞ የአንድ አገር ሰዎች እንዳይገቡ ያግዳል፤ ማን ቀድሞ እንዲባረር፣ ማንስ እንዲቆይ ለሠራተኞቹ መመሪያ ይሰጣል። በሌላ በኩል፣ በወንድምና በእህት ምድብ በዓመት የሚሰጠውን 65,000 ቪዛ አንድ እንኳ መጨመር አይችልም፤ ቁጥሩን ኮንግረስ የወሰነው በ1990 ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። አዲስ አበባ ላለ ወንድም በዚህ ምድብ ያመለከተ ሰው ከ15 ዓመት በላይ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጥገኝነት በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠየቅ የሚለው ገደብም፣ ያለ ወረቀት ከ6 ወር ወይም ከዓመት በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው 3 ወይም 10 ዓመት እንዳይመለስ የሚከለክለው ደንብም በ1996 በኮንግረስ የወጡ ናቸው። «እኔ ስመረጥ በመጀመሪያው ቀን እሽረዋለሁ» የሚል ተወዳዳሪ ስለእነዚህ ከሆነ የሚያወራው፣ የሌለውን ሥልጣን ነው ቃል የሚገባው።

ወደ መጓተቱ እንምጣ። ሴኔት 100 መቀመጫ አለው። ረቂቅ ለማጽደቅ 51 ድምፅ ቢበቃም ክርክሩን ዘግቶ እዚያ ለመድረስ 60 ያስፈልጋል። ፊሊበስተር የሚባለው ይኸው ነው። ዛሬ እንደ ድሮው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚናገር የለም፤ 41 ሰው እንቢ ካለ ረቂቁ እዚያው ይቀራል። በልጅነታቸው የመጡትን ወጣቶች የሚመለከተው የድሪም ረቂቅ በዲሴምበር 2010 በተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ198 አልፎ ሴኔት ሲደርስ 55 ለ41 ድምፅ አገኘ። አምስት ጎደለው። እንቢ ካሉት መካከል ደግሞ አምስቱ ዴሞክራቶች ነበሩ፤ ደግፈው ድምፅ የሰጡ ሪፐብሊካኖች ሦስት ነበሩ። የብዙኃኑ ሪፐብሊካን እንቢታ ዋናው ምክንያት መሆኑ አያከራክርም። አምስቱ ዴሞክራቶች ቢዞሩ ግን 60 ይሞላ ነበር፤ ይህንንም አብሮ መናገር ተገቢ ነው።

በ2013 የሆነው ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። ከሁለቱም ፓርቲ የተውጣጡ ስምንት ሴናተሮች ያረቀቁት ሰፊ ሕግ በጁን 27 በሴኔት 68 ለ32 አለፈ፤ 14 ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል። ያለ ወረቀት ለሚኖሩት 13 ዓመት የሚፈጅ የዜግነት መንገድ ከፍቶ በድንበሩ ላይ የጠባቂዎችን ቁጥር በ20,000 ይጨምር ነበር። ተወካዮች ምክር ቤት ሲደርስ ግን ተሸንፎ አልወደቀም፤ ጭራሽ ለድምፅ አልቀረበም። አፈ ጉባኤው ጆን ቤይነር ከራሳቸው ፓርቲ አባላት አብዛኛው ካልደገፈው አላቀርበውም አሉ። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ደንብ አያውቅም፤ የፓርቲው የውስጥ ልማድ ነው። አፈ ጉባኤውን የሚያልፍ አንድ መንገድ ነበር፦ ኮሚቴ ውስጥ 30 የሥራ ቀን የተቀመጠን ረቂቅ 218 አባላት በፊርማ አስገድደው ማውጣት ይችላሉ። በ2014 ተሞክሮ 218 አልሞላም። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የሪፐብሊካኖቹ ሁለተኛ ሰው ኤሪክ ካንተር በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ሲሸነፉ የቀረው ፈሪ ሆነ። የዚህ ረቂቅ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበር ግልጽ ነው።

ስለዚሁ ረቂቅ እኛ ሰዎች ዘንድ የማይነሳ ነገር ላክል። ዲቪን ይዘጋ ነበር። በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ የሚሰጠውን፣ ስንቱን የአገራችንን ልጅ ያሻገረውን ዕጣ ሰርዞ ቦታውን በትምህርትና በሙያ ነጥብ ለሚመርጥ አሠራር ይለቅ ነበር። ረቂቁ በመቅረቱ የዳካ ልጆች ከሰሩ፣ ዲቪ ግን ተረፈ። በፌብሩዋሪ 2018 ሴኔት የጣለው የፕሬዚዳንት ትራምፕ ዕቅድም (39 ለ60 ነው የወደቀው) ዲቪን ማስቀረት አንዱ ምሰሶው ነበር። «ሰፊ ማሻሻያ» የሚለውን ቃል ሰምተን ከማጨብጨባችን በፊት ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ገጹን ገልጠን ማየት አለብን።

ዴሞክራቶች ነጻ አይወጡም። ባራክ ኦባማ በ2008 የምርጫ ዘመቻቸው በመጀመሪያው ዓመት ረቂቅ እንደሚያቀርቡ ቃል ገብተው ነበር። ከ2009 መገባደጃ ጀምሮ ለጥቂት ወራት ሴኔት ውስጥ 60 ሰው ነበራቸው። ያ ጊዜ ለጤና መድን ዋለ፤ የኢሚግሬሽን ረቂቅ ለድምፅ አልቀረበም። በ2021 ሁለቱም ምክር ቤት እንደገና እጃቸው ሲገባ፣ የዳካና የቲፒኤስ ሰዎችን የሚመለከተው ረቂቅ በማርች 228 ለ197 ከተወካዮች ምክር ቤት ወጥቶ ሴኔት ላይ ቆመ። ያኔ 50 ድምፅና የምክትል ፕሬዚዳንቷን ድምፅ ብቻ በሚጠይቀው የበጀት መንገድ ሊያሳልፉ ሞከሩ። የሴኔቱ የሥነ ሥርዓት አማካሪ ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት ሐሳብ ውድቅ አደረጉት፦ ይህ ከበጀት ይልቅ የፖሊሲ ለውጥ ነው በሚል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። በጁላይ 2025 ያው የበጀት መንገድ 51 ለ50 በሆነ ድምፅ ለማሰሪያ ቦታዎች፣ ለድንበር ግንብና ለአባራሪ ሠራተኞች ወደ 170 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ቀድሞ በነጻ የነበረው የጥገኝነት ማመልከቻም 100 ዶላር እንዲከፈልበት፣ ውሳኔ እስኪያገኝም በየዓመቱ ሌላ 100 እንዲጨመር አደረገ። ሲ08 የያዘውን ወገናችንን የሚነካው ይህ ነው። ስለዚህ መጓተቱ ሁሉንም እኩል አያጓትትም። ለማሰር የሚወጣው ገንዘብ የበጀት ጉዳይ ስለሆነ በግማሽ ድምፅ ያልፋል፤ ወረቀት መስጠት ግን 60 ይጠይቃል። ይህ አሠራር እንዳለ የማንኛውም ፓርቲ አብላጫ ብቻውን ግሪን ካርድ አያመጣም።

በ2024 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሪፐብሊካኑ ላንክፎርድ፣ ዴሞክራቱ መርፊና ከዴሞክራት ፓርቲ ወጥተው በግል የቆሙት ሲኔማ ለወራት ተደራድረው ያወጡት ረቂቅ ፌብሩዋሪ 4 ታትሞ ፌብሩዋሪ 7 49 ለ50 ወደቀ። ሦስት ቀን አልሞላውም ማለት ይቻላል። በድንበሩ የሚመጣው ሰው በሳምንት አማካይ በቀን 5,000 ሲደርስ በሩ እንዲዘጋ፣ በአንጻሩ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 50,000 የቤተሰብና የሥራ ቪዛ እንዲጨመር ያዝዝ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ረቂቁ ገና ሳይታተም ተቃውመውት፣ ከቀረም ጥፋተኛው እኔ ልባል ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። የሪፐብሊካኑ ድጋፍ የሟሸሸው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንቢ ያሉ ዴሞክራቶችም ግን ነበሩ። በጁን ፕሬዚዳንት ባይደን በ212 ኤፍ አዋጅ አወጡ፤ ቁጥሩን ወደ 2,500 አወረዱት። ረቂቁ ከሚዘጋው ጠብቆ ዘጋ፣ የ50,000ው ቪዛ ግን በፊርማ ሊመጣ ስለማይችል ቀረ። ትራምፕ በ2017 ለጉዞ እገዳው የተጠቀሙበት አንቀጽ ይኸው ነው።

ኮንግረስ ሲቆም የሚመጣው ፊርማም ዋጋ አለው። የጁን 2012ቱ ዳካ፣ ከ16 ዓመቱ በፊት ለገባና ከጁን 2007 ጀምሮ ለኖረ ወጣት የሁለት ዓመት እፎይታ ሰጠ። ያንኑ ለአሜሪካ ዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ወላጆች ያሰፋው የ2014ቱ ትዕዛዝ ግን አንድ ወላጅ ሳይጠቀምበት ቴክሳስ ውስጥ ታገደ፤ አንዱ ምክንያት የሕዝብ አስተያየት ሳይሰበሰብበት መውጣቱ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 አራት ለአራት ተከፍሎ እገዳው ጸና። ትራምፕ በ2017 ዳካን ሲሰርዙ ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በ2020 አምስት ለአራት መለሳቸው፤ መሰረዝ አትችሉም ሳይሆን በቂ ምክንያት አላቀረባችሁም ብሎ። ሁለቱንም ከጣሏቸው ምክንያቶች አንዱ የአሠራሩ ጥድፊያ ነው። ከጁላይ 2021 የቴክሳስ ፍርድ በኋላ መሥሪያ ቤቱ የአዲስ አመልካቾችን የዳካ ፋይል ተቀብሎ አስቀመጠ እንጂ አላጸደቀም። በጁን 2025 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ዳኛ በመላው አገር የሚጸና እግድ እንዳይሰጥ ስለገደበ፣ «ፍርድ ቤት አገደው» የሚል ዜና ስንሰማ እግዱ የሚሸፍነው እነማንን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሳሾቹን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት። ተወዳዳሪዎች በምርጫ ሰሞን ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሾቻችንና መስጊዶቻችን ሲመጡ «ስደተኛ ትወዳላችሁ?» ብለን ባንጠይቅ መልካም ነው፤ ሁሉም እወዳለሁ ነው የሚለው። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደረውን፣ አፈ ጉባኤው ረቂቁን ቢያስቀምጡት ማስገደጃው ላይ ትፈርማለህ ወይ እንበለው፤ ፊርማው ለሕዝብ ይፋ ስለሆነ በኋላ ሊክደው አይችልም። ሴናተሩን ደግሞ ስለ መመዝገቢያው ቀን እንጠይቀው። ከአንድ የተወሰነ ቀን በፊት ገብቶ ሳያቋርጥ የኖረና መልካም ጠባይ ያለው ሰው ግሪን ካርድ እንዲያመለክት የሚፈቅድ አንቀጽ በሕጉ አለ። አዲስ ፕሮግራም መፍጠር አያስፈልግም፤ ቀኑን ወደፊት መግፋት ነው። ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ የገፋው በ1986 ነው፤ ያኔ 14 ዓመት ወደ ኋላ ይመለከት ነበር። በ2021 ወደ 2010 ለመግፋት የተሞከረው ከላይ ከጠቀስኳቸው ሦስት ውድቅ ሐሳቦች አንዱ ነው።

ጋዜጣችሁም የምርጫ ዘገባ ሲሠራ ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም ጎን በእነዚህ ረቂቆች ላይ የሰጠውን ድምፅ ቢያትም ትልቅ ውለታ ይሆናል፤ ድምፁ በስም ተመዝግቦ በኮንግረስ ድረ ገጽ ይገኛል። የመመዝገቢያው ቀን አሁንም ጃንዋሪ 1, 1972 ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወደዚህ አገር ከመጣው ኢትዮጵያዊ አንድም ሰው አይገባበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ