1700 የሚለውን አትመኑት

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ የወርቅ ሳንቲም ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። ግን «እ.ኤ.አ. በ1700 የተሠራ መገበያያ» ብላችሁ ማለፋችሁ ትንሽ አናደደኝ። እዚሁ ከተማ ስለምኖር ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጀርመኖች ላምዱካት ይሏታል፤ ዱካት የድሮ የወርቅ ሳንቲም ነው። የኛ ሰው «ላም» የሚለውን ሲሰማ ላም ትመስለዋለች፣ እኔም ተሸውጃለሁ። ግልገል በግ ናት፤ ሉል ላይ ቆማ «ሰላም» የሚል የላቲን ቃል የተጻፈበት ባንዲራ ይዛለች። ዙሪያዋን፣ አባት ሆይ ዘመናችንን ሰላም ሰጥተህ ዘውድ ድፋለት፣ የሚል የላቲን ጸሎት አለ። ከጸሎቱ ውስጥ የሮማ ቁጥር የሚሆኑትን ፊደላት ለቅማችሁ ብትደምሩ 1000፣ 500፣ 100 እና 100 ታገኛላችሁ፤ 1700 ማለት ነው። ዓመቱ ጸሎቱ ውስጥ ተደብቋል!

ከተማዋ ታዲያ ይህንኑ ዓመት እንደያዘች ለብዙ አስርት ዓመታት ስታስመታት ኖረች። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። አያቴ ሳጥን ውስጥ የነበሩት ጠገራ ብሮች ሁሉ 1780 ነው የሚሉት፣ ማሪያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት፣ ግን ስንቶቹ ከዚያ በኋላ እንደተመቱ ማን ቆጥሮት። የዱካቷን ዕድሜ የሚጠቁመው ሳንቲሟን የመታው ባለሙያ ምልክት ነው። «አይኤምኤፍ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ካያችሁ (አበዳሪው ድርጅት አይደለም!) ከ1700 በጣም ዘግይታ የተመታች ናት።

መገበያያ ያላችሁትም አይዋጥልኝም። ዋና ሥራዋ ስጦታ ነበር፦ ልጅ ክርስትና ሲነሳ፣ ሰው ሲያገባ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ። ለዚህም ይመስለኛል የተሸነሸነችው። ሙሉዋ 3.5 ግራም ገደማ ናት፣ ከዚያ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ እያለች እስከ 1/32 ትወርዳለች፣ የክርስትና አባት እንደ ኪሱ ይሰጣል። አራት ማዕዘን ሆነው የተመቱም አሉ፤ በተለይ ከአንድ ዱካት በላይ የሚመዝኑት ብርቅ ናቸው።

እኔ ግን የምወደው ትንሿን ነው። 1/32ኛዋ የግራም አንድ አስረኛ ብትሆን ነው፣ የምስር ፍሬ በሏት፣ በጓ ግን እዚያም ላይ ባንዲራዋን ይዛ ቆማለች። ጎረቤቴ አሮጊት ከቤተሰብ የደረሰቻቸውን በጥጥ ጠቅልለው ክብሪት ቀፎ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሊያሳዩኝ ሲከፍቱ መጀመሪያ ያሉኝ «እንዳታስነጥስ» ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከኑረምበርግ