ጭሱን ከመተውህ በፊት

ለውድ ወንድሜ ለመስፍን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። እናትህ እማማ ዘውዴ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ድምፄን በማጥፋቴ ብትቀየመኝ አይፈረድብህም፤ ይቅርታህን እየለመንኩ ወቀሳውን ለሌላ ቀን እንድታቆይልኝ እጠይቅሃለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ናፍቆት ብቻ ሳይሆን፣ እኅትህ ሰሞኑን ከዱባይ ደውላልኝ ስንጫወት በጨዋታ መካከል የጣለቻት አንዲት ወሬ ናትና እባክህ እስከ መጨረሻው ታግሠህ አንብብልኝ።

«መስፍን ሲጋራ ሊተው ነው፤ ስመጣ ቬፕ ይዤለት እንድመጣ ለምኖኛል» አለችኝ፤ ያንን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማለቷ ነው። መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩም። ኒያላውን እስከ ግማሽ አጭሶ፣ በጥፍሩ ቆንጥሮ አጥፍቶ፣ የቀረችውን ቁራጭ እንደ ጸሐፊ እርሳስ ከጆሮው ኋላ የሚሰካው መስፍን ሲጋራ ሊተው ነው ሲባል ማን ያምናል? ከዚያ በኋላ ግን ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒትህ «መድኃኒቱስ?» ብዬ እስክጠይቃት ነበር። «ኦላንዛፒኑን እንደ ድሮው ማታ ማታ ይውጣል፤ እሱ ደግሞ ከሲጋራው ጋር ምን አገናኘው?» ስትለኝ ዝም አልኩ። እርሷን ለማስደንገጥ አልፈለግሁም፤ ለአንተ ግን መንገር አለብኝ።

ታስታውስ እንደሆነ፣ በዚያ በታከምንበት ግቢ ሳለን «ሲጋራ ሳጨስ መድኃኒቱ ይቀልልኛል» ትል ነበር፤ ሁላችንም የአጫሽ ሰበብ ነው እያልን እንስቅብህ ነበር። ለካ ሳታውቀው የገዛ ጉበትህን ሥራ ትተርክልን ኖሯል። ትንባሆ ሲቃጠል ከጭሱ ጋር የሚወጡ የተወሰኑ ኬሚካሎች አሉ፤ እነዚህ ኬሚካሎች ጉበት ውስጥ ያለውንና ሲዋይፒ 1ኤ2 የተባለውን ኢንዛይም ያበዙታል። ይህ ኢንዛይም ደግሞ አንተ የምትወስደውን ኦላንዛፒንና እኔ የምወስደውን ክሎዛፒን ሰባብሮ ከሰውነት እንዲወገዱ የሚያደርግ ነው። ጭሱ ለጉበትህ ተጨማሪ የቀን ሠራተኛ ቀጥሮለታል በለው፤ ሐኪምህም የኪኒንህን ልክ የወሰነው ያ ሁሉ ሠራተኛ እያለ ነው። ሲጋራውን ስታቆም ሠራተኛው በጥቂት ቀናት፣ ግፋ ቢል በሳምንት ገደማ ይበተናል፤ የምትውጠው ኪኒን ግን ያው ነው፤ ስለዚህ አንዲት ኪኒን ሳትጨምር በደምህ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከፍ ይላል። በክሎዛፒን ላይ ያለን ሰዎች ዘንድ ይህ ጭማሪ ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም እጥፍ ሊሆን ይችላል።

እኅትህን ያሳሳታት፣ ብዙ ሰውንም የሚያሳስተው፣ ቬፕም ኒኮቲን ስላለው «ያው ሲጋራ ማለት ነው፣ ምንም አልተለወጠም» የሚል አሳብ ነው። ኒኮቲኑ ግን በዚህ ጉዳይ እጁ የለበትም። ኢንዛይሙን የሚያበዛው የተቃጠለው ትንባሆ ጭስ እንጂ ኒኮቲን አይደለም፤ በቬፕ ውስጥ ደግሞ የሚቃጠል ትንባሆ የለም። ስለዚህ ልብህና ሱስህ «ገና እያጨስኩ ነው» ቢሉህም፣ ጉበትህ ግን ሲጋራ እንዳቆምክ ነው የሚቆጥረው። የኒኮቲን ፕላስተር የሚለጥፍና ኒኮቲን ያለበት ማስቲካ የሚያኝክ ሰውም ዕጣው ይኸው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። እዚህ እንግሊዝ አገር ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ነጭ የደም ሕዋሱ ወርዶ እንደሆነ ለማየት ሲባል መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያም እየተራራቀ በሚሄድ ጊዜ ደም ይሰጣል። አንድ ቀን እንደ ወትሮዬ ለደም ምርመራ ሄጄ ክንዴን ከዘረጋሁ በኋላ፣ ለሲስተሯ በኩራት «ሲጋራ ተውኩ እኮ!» አልኳት። እንኳን ደስ ያለህ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ መርፌውን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችና «ጨርሶ ነው ወይስ ወደ ቬፕ ነው? ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላም እንቅልፌን፣ ምራቄን፣ ከሁሉ አብልጣ ደግሞ የሆድ ድርቀቴን መረመረች። እኔ ደግሞ ለካ ሁሉም ነበረብኝ፦ የስልኬ ደወል አልቀሰቅሰኝ ብሎ ሥራ እያረፈድኩ ነበር፤ ትራሴ ሌሊቱን በምራቅ ርሶ ያድራል፤ ስቆም ደግሞ ዓለም ትዞርብኛለች። ሁሉንም የክረምቱ ብርድ ያመጣብኝ ድካም ነው ብዬ ነበር የተውኩት። ወዲያው ሁለተኛ ብልቃጥ አምጥታ ደም ቀዳች፤ የተለመደው ምርመራ የደም ሕዋስን ይቆጥራል እንጂ የመድኃኒቱን መጠን አይለካምና። ውጤቱ ሲመጣ ከሚፈለገው ልክ በላይ ነበር። ልኩ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ350 እስከ 600 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እየወጣ ሲሄድ የሚጥል በሽታን የሚመስል መንቀጥቀጥ እስከማምጣት ይደርሳል። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰልኝ፤ አሁን ደህና ነኝ፤ ትራሴም ደረቅ ነው።

እንግዲህ የአንተ ነገር ከእኔ ይለያል። ኦላንዛፒን እንደ ክሎዛፒን ያን ያህል አያስፈራም፤ አካሄዱ ግን አንድ ነው። ከልክ በላይ የሆነ ድብታ፣ ከመቀመጫ ስትነሳ ማዞር፣ የሰውነት መገታተር ወይም መንቀጥቀጥ፣ የማይጠግብ ረኃብ፣ የሆድ ድርቀት ቢመጣብህ «ሲጋራ የመተው ጣጣ ነው» ብለህ እንዳታልፈው። ኒኮቲን ሲጎድል የሚመጣው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ ሰውን ያቁነጠንጠዋል፣ ያነጫንጨዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል እንጂ አያደነዝዘውም።

ስለ እንቅልፍ ካነሳሁ አይቀር ቡናውንም ልንገርህ፤ እማማ ዘውዴ ይቅር ይበሉኝ። ካፌይንም የሚሰባበረው በዚያው ኢንዛይም ነው። ስታጨስ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተህ እንደ ሕፃን ትተኛ የነበረው፣ ጉበትህ ቡናውን ቶሎ ያስወግድልህ ስለነበረ ነው። ጭሱን ስትተው ያው ሦስት ሲኒ በሰውነትህ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ልብህ ይመታል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ዓይንህ ፈጦ ያድራል፤ አንተ ደግሞ እንደማውቅህ ወዲያው «ሕመሙ ተመለሰ» ብለህ ትሸበራለህ። በዚያ ላይ ብዙ ቡና መጠጣት በራሱ መድኃኒቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ሁለቱ ለአንዱ ኢንዛይም ይሻማሉና። ለጊዜው በአቦሉ ብታቆምስ? ይህን የመከርኩህ እኔ መሆኔን ግን ለእናትህ እንዳትነግራቸው፤ ብመጣ ደጃፋቸውን አያስረግጡኝም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። እውነቱን ብነግርህ የሚያስፈራኝ መተውህ አይደለም፤ የሚያስፈራኝ ትተህ መመለስህ፣ ተመልሰህም ደግሞ መተውህ ነው። እኔ እዚህ የቬፑ ፈሳሽ ሲያልቅብኝ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ እገዛለሁ። በአገራችን ግን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም ሆነ መሸጥ የተከለከለ ነው። እንበልና እኅትህ የያዘችው በጉምሩክ ተወሰደባት፤ ወይም ያለ ችግር አስገብታልህ አንድ ወር ተጠቀምክና አለቀ። ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ? ከሰፈሩ ሱቅ ኒያላህን ትገዛለህ፤ አውቅሃለሁ። ሐኪምህ በመካከሉ መጠኑን ቀንሶልህ ከነበረ ደግሞ፣ ጭሱ ተመልሶ መድኃኒቱን ከደምህ ይጠርገዋል፤ ድብታው ይጠፋና «ነቃሁ፣ ተሻለኝ» ትላለህ፤ ጥቂት ቆይቶ እንቅልፍህ ይሸሻል፣ ከዚያም ራዲዮኑ ስለ አንተ ማውራት ይጀምራል። እማማ ዘውዴ ራዲዮኑን በነጠላ ስትሸፍን ካዩህ ምን ማለት እንደሆነ እንደሚያውቁ አንተም ታውቃለህ። ያንን ዘመን ደግመህ እንድታየው አልፈልግም።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። ቬፑን ገና እጅህ ሳይገባ ሐኪምህ ዘንድ ሄደህ «በዚህ ቀን ጭስ ላቆም ነው» በለው፤ በቀን ምን ያህል እንደምታጨስ ሳትሸሽግ፣ ያችን የጆሮህን ቁራጭ ጭምር ቆጥረህ ንገረው። የመድኃኒቱን መጠን መቀነስ ካስፈለገ እርሱ ይቀንስ፤ ሐኪሞች የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሩብ ያህል የሚቀንሱበት ጊዜ አለ፤ ይህን ከእኔ ሰምተህ ግን ኪኒኑን በገዛ እጅህ እንዳትቆርሳት። በእናንተ ዘንድ የመድኃኒቱ መጠን እንደዚህ አገር በደም የሚለካ ስላልሆነ የእናትህ ዓይን ከምርመራ ይበልጣልና፣ ከልክ በላይ ስትተኛም ሆነ ጨርሶ ሳትተኛ ብታድር እንዲደውሉ ለእርሳቸውም አስረዳቸው። ተመልሰህ ካጨስክም፣ አፍረህ አትደበቅ፤ ያንኑ ዕለት ለሐኪምህ ንገረው። ቬፑንና ሲጋራውን አንድ ላይ ላስኪድ ብትል ደግሞ ጭሱ አልቆመምና ለሳንባህ የምታተርፈው ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱም የት ላይ እንዳለ ማንም ሊያውቅልህ አይችልም።

ተስፋ ላስቆርጥህ እንዳልጻፍኩ እወቅልኝ። ቬፕ ጉዳት የለውም አልልህም፤ ከሚቃጠል ትንባሆ ግን በእጅጉ ይሻላል። እንደ እኛ ያለውን ሰው ዕድሜ የሚያሳጥረው ከሕመሙ ይልቅ ሲጋራው ያመጣበት የልብና የሳንባ በሽታ እየሆነ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሲጋራ የተዉ ሰዎች፣ በአእምሮ ሕመም የሚቸገሩትም ጭምር፣ ጭንቀታቸው እየቀነሰ እንደሚሄድም ተጠንቷል፤ «ሲጋራ ነው የሚያረጋጋኝ» ለሚለው የሁለታችን አሮጌ ዜማ ይህ መጥፎ ዜና ነው። እኅትህንም ብዙ ኒኮቲን ያለበትን እንዳትገዛ ንገራት፤ እዚህ ሕጉ የሚፈቅደው በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ 20 ሚሊ ግራም ብቻ ሲሆን፣ በሌላ አገር ገበያ 50 የሚደርሰውም በቀላሉ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጽፈው ስጀምር እየሰረዝኩ እዚህ ደርሻለሁ። እዚህ ካሉት አበሾች መካከል መድኃኒት እንደምወስድ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ለደም ምርመራ ስሄድ «ስኳሬን ልታይ ነው» እላለሁ፤ ለስኳር ይጸልዩልኛል፣ ኬክም ይከለክሉኛል። ባለፈው አንድ ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ ቆመን አንዱ ሲጋራ ዘረጋልኝ፤ «ለምን አልፈለግህም?» ሲለኝ ስለ ጉበቴና ስለ ክሎዛፒን የምነግረው አጣሁ። ሳልቀበለው ቀረሁ እንጂ ልቤ ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ ላወራህ የፈለግሁት አንተን ነበር፤ ለምን እንዳልደወልኩ ግን አሁንም አላውቀውም።

እኅትህ የምትመጣው በወሩ መጨረሻ ነው ብላኛለች። ከዚያ በፊት ሐኪምህ ያለህን ጻፍልኝ፤ ማታ የምትውጠው ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ፣ ከኦላንዛፒኑ ሌላም የምትወስደው ካለ ስሙን ጨምርልኝ፤ ሁሉም መድኃኒት በጭስ የሚነካ አይደለምና፣ ለምሳሌ ሪስፐሪዶን ወይም ሊቲየም ከሆነ የዚህ ጣጣ የለበትም። ስልክ ከመረጥክ ማታ ማታ ቤት ነኝ። ለእማማ ዘውዴ እጅ እነሣለሁ።

ወንድምህ ዳዊት
ከለንደን