ሳይኮሎጂ ተማሪ ጠንቋይ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደብረ ብርሃን ያደግኩ የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለበዓል ቤት ስገባ ጎረቤታችን እማማ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይሉኛል፣ ገና አቦሉ ሳይወርድ! ኧረ እማማ፣ እኛ ክፍል የምንታገለው ከሰው ልብ ጋር ሳይሆን ከስታቲስቲክስ ጋር ነው። ጀርመናዊው የሳይኮሎጂ ሊቅ ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ ከተማ ላይ የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ ከከፈተ ወዲህ ነገሩ መለካትና መፈተን ሆኗል። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስቱ ነው፤ እሱ መጀመሪያ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው። እባካችሁ እናንተም ስትጽፉ ሳይኮሎጂስቱንና ሳይካትሪስቱን አትቀላቅሉብን።

የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። የተማርኩበት ሃይስኩል «የምክር አገልግሎት» የሚል ክፍል ነበረው። በሩ ላይ ተጽፏል፣ ውስጡ የተሰባበረ ዴስክ ተከምሯል፣ ቁልፉ ደግሞ ማን ጋ እንዳለ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ተመርቄ መቀመጥ የምፈልገው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሰሜን ሸዋ