ያልጨረሳችሁም ኑ

ሰላም ወገኖች፣

ባለፈው ቅዳሜ የየራሳችንን ጽሑፍ ከምናነብበት ስብሰባ ሦስታችሁ "አልጨረስኩም" ብላችሁ ቀራችሁ። ገብቶኛል። እኔም ስለ እናቴ ጉሊት የጀመርኩትን ገጽ አራቴ ቀድጄዋለሁ። ጎረቤት ቢያነበው ምን ይላል? እሷስ ብትቀየመኝ? በመጨረሻ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። የሽንኩርቱን ዋጋ መሳሳቴ አሳቃት። የአባቴን ዕዳ ግን "እሱን አውጣው" አለችኝ። አወጣሁት። ስለ ሰው ስትጽፉ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ግማሹ ፍርሃት እዚያው ይቀራል።

ሌላው የፊደል ፍርሃት ነው። ሀ ይሁን ሐ ወይስ ኀ፣ ሰ ይሁን ሠ እያሉ መፍዘዝ። (እኔ "ሥራ" ላይ ዛሬም እፈዛለሁ።) ለመጨረሻው እርማት ተዉት።

ቅዳሜ ጠዋት 4፡00 አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንገናኝ። ከዚያ ማኪያቶ ይዘን እናነባለን። ሒሳብ በየራስ ነው።