ለሀዋሳ ወገኖቼ፦ ከሻርጃ የተላከ ምስጋና

ስለሆነው ነገር ብዙ አልልም። ለሥራ ወደ ውጭ እልክሻለሁ ያለኝ ደላላ ብሬን ይዞ ከተሰወረ ጀምሮ ያልደወለልኝ፣ ቤቴ ያልመጣ የለም። ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አሁን ሻርጃ፣ ኤምሬትስ ነኝ። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ደመወዜም በጊዜው ይገባል። ተመስገን።

ከሁሉ አስቀድሜ ጋሼን ላመስግን። ስሜን እንዳትጠሪ ብለው አስጠንቅቀውኛል። ለሰፈራችን ሰው ግን "የእቁቡ ዳኛ" ካልኩ ይበቃል። የመጀመሪያውን ዕጣ ለምነው ያስለቀቁልኝ እሳቸው ናቸው። ዋስ ሆነው የፈረሙትም እሳቸው። ብሩን ይዤ ልሮጥ ስል ግን "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አሉኝ። ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው አይደሉ!

ደብተር አስገዙኝ። ገጹን በእስክሪብቶ መሃል ለመሃል ከፍለው በአንዱ በኩል "እዚህ"፣ በሌላው "እዚያ" ብለው ጻፉ። የእዚህ በብር፣ የእዚያ በድርሃም። "እዚያ ሁሉን ነገር በብር እያሰላሽ ከገዛሽ ዳቦም ያስፈራሻል። ደመወዝሽን በብር ካሰላሽው ደግሞ ሀብታም የሆንሽ ይመስልሻል" አሉኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር የት እንደደረሰ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

የመመለሻ ትኬት ብር ለብቻው ተቀመጠ፤ አይነካም። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ የምበላውም እንደዚሁ። ለእህቴ ሙሉ ውክልና ልሰጣት ስል "ከሂሳብሽ ዕዳሽን እንድትከፍል ብቻ" ብለው አብረውኝ ሄዱ። እህቴ አኩርፋ ነበር። አሁን ብድር ለሚጠይቃት ዘመድ ሁሉ "ውክልናው አይፈቅድልኝም" እያለች ትገላገላለች።

ሻርጃ ከደመወዝ ግብር አይቆረጥም ሲባል ጮቤ ረገጥኩ። ጋሼ ግን "ጡረታሽስ?" አሉ። አገር ቤት 7 በመቶ ከእኔ፣ 11 በመቶ ከአሠሪዬ ይገባልኝ ነበር። እዚህ ለውጭ አገር ሰው ያለው ሥራ ሲለቅ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መነሻ ደመወዝ። ስለዚህ ከደብተሩ ግርጌ አንድ መስመር ጨመሩ፦ "እርጅና"። በየወሩ እዚያ ላይ አንድ ነገር እጽፋለሁ። አንዳንዴ ያስቀኛል። አንዳንዴ ደግሞ እንባዬ ይመጣል፤ አባቴ ቢኖር ይሄን ያደርግልኝ ነበር እላለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ!

ይቅርታ፣ ሌሎቻችሁን ረሳሁ እንዳትሉኝ። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከዚያች ከምናውቃት የመምህር ደመወዝ ላይ ቀንሳችሁ ነው ያዋጣችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የእድራችን አባላት፣ የፒያሳ ጓደኞቼ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ እናቶች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቤት ኪራይ እዚህ በቼክ አስቀድሞ እንደሚከፈል ነግራኝ ክፍሏን ያጋራችኝ የኬረላዋ መምህርት አማርኛ ባታነብም ምስጋናዬ ይድረሳት። ሻንጣ በዱቤ የሰጠኸኝ ወንድሜ፣ ሒሳብህ ተልኳል፤ እህቴን ጠይቃት።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። እባካችሁ አትቀየሙኝ፤ ስንቱን ጽፌ እችለዋለሁ?

የእቁቡ ዙር አልቋል፤ የእኔም ድርሻ ተከፍሏል። አዲሱ ሲጀመር እኔም አለሁበት፤ በእህቴ በኩል እጥላለሁ። ጋሼ፣ አሁን ግን ዕጣዬን መጨረሻ ላይ ያድርጉልኝ። ለቸኮለ ሰው ይቅደም።